ባትሪው ነው!

አሶሳ ውስጥ መኪናው አልነሳ ያለ ሰው ብቻውን አይሆንም። ቁልፉን አዙሮ፣ ሞተሩ «ቀጭ» ብሎ ዝም ሲለው፣ ወርዶ ኮፈኑን ከፍቶ ቀና እስኪል ድረስ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ ከሶላት የሚመለሱ አንድ ሼህ፣ ማንጎ የምትሸጥ ሴትና ከየት እንደፈለቁ የማይታወቁ ልጆች ዙሪያውን ቆመዋል። የሚገርመኝ መሰብሰባቸው አይደለም፤ ኮፈን ሲከፈት ሰው የማይሰበሰብበት አገር የለም። የሚገርመኝ መስማማታቸው ነው። ዝናቡ ዘንድሮ ዘገየ አልዘገየም በሚለው ሲከራከሩ የሚውሉ ሰዎች መኪና ሲቆም ባንድ አፍ ይናገራሉ፦

«ባትሪው ነው!»

የለካው የለም። የነካውም የለም። ባትሪው ጥጉን ይዞ ዝም ብሏል፤ ዝምታው ራሱ እንደ እምነት ቃል ይቆጠርበታል።

ነገሩን ብዙ አስቤበታለሁ። መኪና ውስጥ ከኤሌትሪክ ጋር የሚነካካው ዕቃ ብዙ ነው፤ ዲናሞ አለ፣ ሞተሪኖ አለ፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ አለ፣ ፊውዝ አለ፣ ሪሌይ አለ፣ ጫፉ የማይታወቅ ገመድ አለ። ሁሉም ግን ተደብቀዋል። ሞተሪኖን ለማየት መኪና ስር መተኛት ይጠይቃል፤ ዲናሞን ለመዳበስ እጅን በጋለ ብረት መሃል ማሾለክ ይጠይቃል። ባትሪ ብቻ ከላይ፣ ፊት ለፊት፣ ስሙን ግንባሩ ላይ ጽፎ ተቀምጧል። ደግሞም ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። መፍትሔው የሚሸጥ ችግር ደስ ይላል፤ ገንዘብ ያለው ይገዛል፣ የሌለው «ቢኖረኝ ኖሮ» ብሎ ይተክዛል፣ የሁለቱም ሐሳብ ያርፋል።

እዚህ ከተማ ግን መግዛቱም ቀልድ አይደለም። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ አምቦን፣ ነቀምትን፣ ጊምቢን፣ መንዲን፣ ባምባሲን አልፎ ነው የሚደረሰው። ያ የወለጋ መንገድ በጸጥታ ምክንያት አስቸጋሪ በሆነባቸው ዓመታት ሱቆቻችን ውስጥ የቀረችው ባትሪ ሁሉ ከሸቀጥነት ወደ ቅርስነት ተሸጋግራ ነበር። አውሮፕላን አለ እንዳትሉኝ። አሲድ የተሞላ የመኪና ባትሪ ከአደገኛ ዕቃ ስለሚመደብ እንደ ሻንጣ ተይዞ አይበረርም። አንድ የማውቃቸው አባት ይህንን አላመኑም ነበርና ባትሪያቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ ከላዩ ዳቦ ደራርበው አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ላይ ቀረቡ። ፈታሹ ልጅ ስክሪኑን አየ፤ እሳቸውን አየ፤ እንደገና ስክሪኑን አየ።

«አባቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ድፎ ዳቦ ነው፣ ልጄ።»

«ይሄን ያህል የሚከብድ?»

«ደህና ተቦክቶ ነው።»

ዳቦው አሶሳ ገባ፤ ባትሪው እዚያው ቀረ።

እንግዲህ ተተኪው ይህን ያህል ሩቅ ከሆነ፣ ተከሳሹን ከማሰናበት በፊት ሥራውን ማወቅ ይገባል። የዛሬው የመኪና ባትሪ አያቱ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. የሠራው ባትሪ ነው፤ የእርሳስ ሰሌዳ፣ ሰልፈሪክ አሲድና ውሃ። ከዚያ ወዲህ ሣጥኑ ተለወጠ፣ ውስጡ ብዙም አልተለወጠም። ስድስት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ሁለት ቮልት ከትንሽ ፈቀቅ ይሰጣል፤ ሲደመር ጠግቦ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሹን በልቷል። ከ12 በታች ከወረደ ርቦታል ማለት ነው። መራብና መሞት ደግሞ ይለያያሉ፤ የአሶሳ ኮፈን ከባቢዎች የሚዘሉት ይህችን ልዩነት ነው።

ባትሪ እንደ ሰፈር አበዳሪ ነው። ጠዋት ሞተሪኖው መጥቶ ከመቶ አምፔር የሚበልጥ ብድር ይጠይቀዋል፤ ሳያቅማማ፣ ያለ ዋስ፣ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ውስጥ ቆጥሮ ይሰጣል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ዕዳውን የሚከፍለው ዲናሞው ነው። የመብራቱንም፣ የሬዲዮኑንም፣ የካንዴላውንም ወጪ የሚችለው ያው ዲናሞ ነው። ጤነኛ ዲናሞ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ራስ ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ያህል ያሳያል። ከ13 በታች ካሳየ ብድሩ እየተከፈለ አይደለም። ከ15 ካለፈ ደግሞ ከፋዩ አብዷል፤ ባትሪው ውሃውን እያፈላ ይተነፍሳል። ዲናሞው መክፈል ሲያቆም አበዳሪው አይጮህም፤ ካለው ላይ እየቀነሰ ይሰጣል፣ ይሰጣል፣ አንድ ጠዋት ኪሱን ሲገለብጥ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ «ይሄ ሰውዬ ድሮም ድሃ ነበር» ይላል። አዲስ ባትሪ ተገዝቶ ይገባል። እሱም በሳምንቱ ይከስራል።

ክሩስኮቶው ላይ የምትበራው ቀይ የባትሪ ሥዕልም ለዚህ ፍርደ ገምድልነት አስተዋጽኦ አላት። ሥዕሏ ባትሪ ይሁን እንጂ የምታወራው በአብዛኛው ስለ ዲናሞው ነው። ቁልፉ ሲከፈት መብራት፣ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለባት። እየተነዳ ከበራች ከፋዩ መክፈል አቁሟል ማለት ነው። ከነጭራሹ በርታ የማታውቅ ከሆነች ደግሞ እሷም ታምማለች። ሹፌሮቻችን ይህችን መብራት የሚያክሟት ግን በጥቁር ፕላስተር ነው፤ ከላይ ይለጠፍባታል፣ ችግሩ ተፈታ።

ስለ ሙቀትም አንድ ነገር ልበል። በልጅነታችን የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ቆርቆሮ ላይ ለፀሐይ ይሰጣል፤ ማታ ዜናው ለትንሽ ጊዜም ቢሆን ይሰማ ነበር። ሙቀቱ ውስጡ ያለውን ኬሚካል ስለሚያነቃቃው እውነትም ትንሽ ያንሰራራል። ከዚያ ዘመን የተረፈ እምነት ነው መሰለኝ፣ ዛሬም መኪናውን ከጥላ አውጥቶ «ባትሪው ይሙቅ» የሚል ሰው አለ። የእርሳስ ባትሪ ግን የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ውሃው ይተናል፣ ሰሌዳው ቶሎ ይበላል፣ ሥራ ፈቶ ቆሞ የሚያፈሰው ኃይል ይጨምራል። ደጋ ላይ አምስት ዓመት የሚቆይ ባትሪ ወደ ሆሞሻና ወደ ኩርሙክ ሲወረድ ሦስት ዓመት ከሰጠ ባለቤቱ ያመስግን። ስለዚህ መኪና ጥላ ያስፈልገዋል። አሶሳ ውስጥ ጥላ ማለት ማንጎ ዛፍ ነው። ማንጎ ዛፍ ደግሞ ወቅቱ ሲደርስ ፍሬውን የሚጥለው ከስር ማን እንደቆመ አይቶ አይደለም። ወይ ባትሪህን ታድናለህ፣ ወይ ጣሪያህን። እኔ ጣሪያውን ለግሻለሁ።

ውሃው ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ አሲድ አይደለም፤ የሚተነው ውሃው ነው፣ አሲዱ እዚያው አለ። የታሸገ የመጠጥ ውሃም አይሆንም፤ ለእኛ ጤና የሚስማማው ማዕድን ለእሱ መርዝ ነው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። የኔዋ ኮሮላ ናት፤ ሕዝቡ ዲኤክስ የሚላት። ዕድሜዋ የራሷ ጉዳይ ነው፤ እኔ የማውቀው ሥራ አክባሪ መሆኗን ነው። በአንድ ወቅት ታዲያ ሰኞ ሰኞ አልነሳ የማለት አመል አመጣች። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ሰላም ናት፤ ሰኞ ጠዋት «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ»። ባልደረቦቼ ሲሰሙ «በቃ፣ እሷም የመንግሥት ሠራተኛ ሆነች» አሉ።

ከነዚያ ሰኞዎች ባንዱ በሬ ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ከወትሮው የበዛ ነበር። ፍርዱ እንደተለመደው ወዲያው ተሰጠ፤ ክርክሩ ያለው ማስታመሚያው ላይ ነው።

ሼሁ ድንጋይ አስመጡ። የባትሪውን ራስ ጠበቅ አድርገው መቱትና «ሞክረው» አሉኝ። ድንጋይ ክፋቱ አንዳንዴ መሥራቱ ነው። ላልቶ የተቀመጠው ማሰሪያ ሲመታ ለጊዜው ይገጥማል፣ መኪናው ይነሳል፣ ድንጋዩ ይመሰገናል፣ በማግስቱ ደግሞ ይፈለጋል። የዚያን ዕለት አልሠራም። ሼሁ «ድንጋዩ ትንሽ ነው» አሉ።

ማንጎ ሻጯ ኮካ ይፈሰስበት አለች። ይህም ውሸት አይደለም፤ ባትሪው ራስ ላይ የሚወጣውን ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የኮካው አሲድነት ይበላዋል። ግን ስኳሩን ትቶ ይሄዳል። ስኳሩ ጉንዳን ይጠራል። ጉንዳን ሞተር ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ያየ ሰው ሙቅ ውሃና ቤኪንግ ሶዳ ይመርጣል።

አንድ የሲኖ ትራክ ሹፌር በደግነቱ መኪናውን ወደኔዋ አስጠግቶ ገመድ ይዞ ወረደ። «የኔ ሁለት ባትሪ ነው ያለው፣ እጥፍ ይረዳታል» አለኝ። እጥፍ መሆኑ እውነት ነው፤ ከባድ መኪና ሁለቱን ባትሪ በተከታታይ አስሮ በ24 ቮልት ነው የሚሠራው። 12 ቮልት ለለመደች አሮጊት 24 መስጠት መርዳት ሳይሆን ማቃጠል ነው። ቅር እንዳይለው ሻይ ጋበዝኩት።

ጡረታ የወጡት መካኒክ ጎረቤቴ ደግሞ የራሳቸው ምርመራ አላቸው። «በግፊ አስነሱትና ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ራስ ንቀሉት፤ ከጠፋ ዲናሞው ነው፣ ካልጠፋ ባትሪው ነው።» አባባሉ እንዴት ያምራል! በእሳቸው ዘመን መኪና የሚያስብበት ሣጥን አልነበረውም፤ ምርመራው ብዙ ሕይወት አላጠፋም። ዛሬ ግን ባትሪው ከመስመሩ በድንገት ሲወጣ የዲናሞውን ግፊት የሚያበርድ ስለሌለ ቮልቱ በቅጽበት ሽቅብ ይዘላል። ከዲናሞው ዳዮድ ጀምሮ እስከ ኮምፒውተሩ የተገኘውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። የምርመራው ውጤት ሁልጊዜ ትክክል የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ጤነኛ የነበረውም ከምርመራው በኋላ በሽተኛ ይሆናል።

ልጆቹ የሚጠብቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግፊ። ግፊ የሰፈር በዓል ነው። ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ፣ «ያዝ! ያዝ! ልቀቅ!» መኪናዋ አንገቷን ሰበር አድርጋ ትነሳለች፣ ጭብጨባው ይቀልጣል። በግፊ የተነሳ መኪና ግን አልዳነም። የሞተሪኖውን ሥራ ልጆች ሠሩለት እንጂ ያ ኃይል የት እንደጠፋ ማንም አልጠየቀም። ማርሹ አውቶማቲክ የሆነማ ያም በዓል አይደርሰውም።

የባጃጁ ሹፌር ነው መላ ያመጣው። «እህቴ ቴክኒክና ሙያ ትማራለች፤ ኤሌትሪክ ነው ያጠናችው። ልጥራት?» አለ። ቤተሰቡ በሰፈራው ዘመን ከወሎ መጥቶ እስከ ዛሬ በቁጥር ከሚጠሩት መንደሮች ባንዱ የሰፈረ ነው። ልጅቷ ቴስተሯን በፌስታል ይዛ መጣች። ጉባኤው ከቁመቷ ጀምሮ ገመገማት።

«አብሽሩ፣ ጋሼ» አለችኝና ኮፈኑ ውስጥ ሳታይ ጠየቀችኝ፤ «እምቢ የምትለው መቼ መቼ ነው?»

ዝምታ ሆነ። ይህን እስካሁን የጠየቀ አልነበረም። ሰኞ ሰኞ ነው አልኳት። አልሳቀችም፤ ራሷን ነቀነቀች።

ቴስተሩን ባትሪው ላይ አሳረፈችው። 12.1። «ከግማሽ በታች ነው፤ ግን አልሞተም» አለች። መካኒኩ ሳል ሳሉ። ቀጥላ ወንድሟን ቁልፍ እንዲያዞር ነግራ፣ አንዱን የቴስተር ጫፍ የባትሪው እርሳስ ላይ፣ ሌላውን እርሳሱን በያዘው የገመድ ማሰሪያ ላይ አደረገች። ሁለቱ ይነካካሉ፤ መሃላቸው የሚታይ ክፍተት የለም። ሞተሪኖው ኃይል ሲጠይቅ በዚያች በማትታይ ክፍተት ውስጥ ከ2 ቮልት በላይ ቀልጦ ቀረ። ግማሽ ቮልት እንኳ ሊጠፋ አይገባም ነበር። ማሰሪያውን ፈታችው፤ ውስጡ በዝገት ሻግቷል። ሙቅ ውሃ፣ ሶዳ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት። እርሳሱ እንደ አዲስ ሳንቲም አበራ። ወደ ሻንሲው የሚሄደውን የኔጌቲቭ ገመድም እንዲሁ። ቁልፍ ዞረ፤ ኮሮላዬ እያቃሰተች ተነሳች።

ጉባኤው ለመበተን ሲነሳ ልጅቷ «ገና ነው» አለች። ሞተሩ እየሠራ ለካች፤ 12.4። ፊት መብራትና ማራገቢያ አስበራች፤ 12.2። አበዳሪው እየሰጠ ነው፣ ከፋዩ የለም። መካኒኩ ዕድላቸው ተመልሶ መጣ፤ «ዲናሞው ነው! ካርቦኑ አልቋል!» አሉ። ልጅቷ ሞተሩን አስጠፋችና ቺንጋውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ሊጎብጥ ሲገባው እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረገበ። ጠዋት ጠዋት እንደ ወፍ የሚጮኸው እሱ ኖሯል፤ ዲናሞውን ማዞር ትቶ ላዩ ላይ እየተንሸራተተ። ጠበቀ፤ 14.2።

በዚህ ሰዓት ሰዉ ፊት ላይ ያየሁት ደስታ አልነበረም። በአሮጌ ብርጭቆ ወረቀትና በአንድ ብሎን የተፈታ ችግር ክብር የለውም። ማንጎ ሻጯ «ታዲያ ባትሪ አትገዛም?» አለችኝ፤ ድግስ ተሰርዞ እንደተነገራት ሰው።

«ሰኞውስ?» አልኩ እኔ። ቺንጋና ዝገት የቀን መቁጠሪያ አያዩም።

ልጅቷ ሁሉንም ነገር አስጠፋች፣ በሮቹን አዘጋች፣ የኔጌቲቩን ገመድ ፈትታ ቴስተሩን በመሃል አስገባች። ቆማ የተኛች መኪና ለሰዓትና ለመሳሰለው ትንሽ ትንሽ ትጠጣለች፤ ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ከሆነ ሰላም ነው። የኔዋ ከ400 በላይ ትጠጣለች። ሰው ሳያይ። ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀለች ቴስተሩን ማየት ጀመረች። ጉባኤው አሁን በእውነት ተመሰጠ፤ ሼሁ ሳይቀሩ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቁጥሩን ይከታተላሉ። የውስጥ መብራቶቹ ፊውዝ ሲነቀል ቁጥሩ ወደቀ።

የውስጥ መብራቱ ግን ጠፍቷል፤ እናየዋለን። የቀረው የኋላው ኮፈን መብራት ነው። ሲዘጋ ይጠፋል ይባላል። ተዘግቶ እያለ መጥፋቱን በምን ማወቅ ይቻላል? መካኒኩ «አንዱን ልጅ እንክተተውና ይንገረን» አሉ። ሦስት ልጆች እጃቸውን አወጡ፤ የአንደኛው እናት ግን ከጎረቤት ሰምታ ኖሮ ሐሳቡ ሳይጸድቅ ቀረ። ልጅቷ ስልኬን ተቀብላ ቪዲዮ አስጀምራ ውስጥ አስቀመጠችውና ዘጋችው። ከፍተን ስናየው ፊልሙ ላይ የኋላው ክፍል እንደ ሠርግ ቤት አብርቷል። ለዘመድ ቤት አጥር ቀርከሃ የተጫነባት ጊዜ ክዳኑ ትንሽ ጎብጧል፤ ሲዘጋ የመብራቷን ቁልፍ አይጫናትም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 5 ዋት የማትሞላ አምፖል 0.4 አምፔር ትበላለች። ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት 60 ሰዓት ነው። ሲባዛ 24 አምፔር ሰዓት፤ 45 አምፔር ሰዓት ከሚይዝ ባትሪ ከግማሽ በላይ። በሳምንቱ መካከል በየቀኑ ስለምነዳት፣ የረገበው ቺንጋም ከዜሮ ስለሚሻል፣ ዕዳው እየተንከባለለ ይሸፈናል። ቅዳሜና እሑድ ይጋለጣል። ከዚያ ወዲህ የሌላውም ሰው መኪና መቼ መቼ እንደሚቆም መጠየቅ ልማድ ሆኖብኛል። እሑድ ጠዋት የሚቆሙት ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ ላባጆ የዋሉት ናቸው። አራቱም በር ተከፍቶ፣ የውስጥ መብራቱ ሁሉ በርቶ፣ ሙዚቃው እስከ ጥግ ተለቆ፣ ሞተር ጠፍቶ ግማሽ ቀን ይታጠባሉ። ባለቤቱ ንጹሕና ባዶ መኪና ይረከባል። ማታ እንደምንም ይነሳል፣ ጠዋት እምቢ ይላል፣ ፍርዱም ታውቋል።

ልጅቷ ስትሄድ የሰጠችኝ ትዕዛዝ አንድ ነው፤ ለተራበ ባትሪ ዲናሞው ብቻውን አይበቃውም፣ ቻርጅ ቤት ተወስዶ በቀስታ ይሞላ። ልኩም የባትሪው አቅም አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ ለ45ቱ አራት አምስት አምፔር፣ ሌሊቱን ሙሉ። ቸኩሎ ማፍላት ሰሌዳውን ይጎዳል። ባትሪዬን ተሸክሜ ሄድኩ። ባለ ቻርጀሩ በሩ ላይ ተቀምጦ ማንጎ ይልጣል። ከጀርባው የሰው ባትሪ ተደርድሯል።

«መብራት የለም» አለኝ።

ከጎኑ ተቀመጥኩ። ምን ይደረጋል? ከእኛ ማዶ፣ በዚሁ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ጉባ ላይ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ቆሟል። አቅሙ 5,150 ሜጋዋት። ሥራ ፈት ሰው ማባዛትና ማካፈል ይወዳልና በአእምሮዬ አሰላሁት። የእንደኔዋ ዓይነት መኪና ሞተሪኖ አንድ ኪሎ ዋት ገደማ ይፈልጋል። ግድቡ ሙሉ አቅሙን ቢሰጥ አምስት ሚሊዮን ሞተሪኖ ባንድ ጊዜ ያዞራል ማለት ነው፤ አገሪቱ ይህን ያህል መኪና የላትም። ያ ሁሉ ኃይል በ500 ሺህ ቮልት መስመር ወደ መሃል አገር ይነጉዳል። እኔ የምፈልገው አሥራ ሁለቱን ነው። ለባለ ቻርጀሩ ስነግረው ማንጎውን ግማሽ ሰጠኝና «አሥራ ሁለት ብቻ ከሆነማ ይመጣል፣ ጠብቅ» አለኝ። ማታ መጣ።

የመብራት መኪና ሲመጣ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል የሚሉ አሉ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ አዲስ አበባ ያለው የእህቴ ልጅም ከነሱ ነው። የመብራት መኪና ገዛ። ቺንጋ የለም፣ ሞተሪኖ የለም፣ ካንዴላ የለም፤ በደወለ ቁጥር ያሾፍብኛል። በቅርቡ አንድ ጠዋት ግን ድምፁ ተለውጦ ደወለ።

«አጎቴ፣ መኪናዬ ሞታለች። በሯ እንኳ አይከፈትም።»

«ቻርጅ አላት?»

«ማታ ሳቆማት ሰማንያ በመቶ ነበራት! የኮንዶሚኒየሙ ጥበቃዎች ደግሞ ከበውኝ ባትሪው ነው ይሉኛል።»

እዚህ ላይ ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው የትኛው ባትሪ እንደሆነ ነው። የመብራት መኪና ከወለሉ ስር በመቶዎች ቮልት የሚሠራ ትልቅ ባትሪ አለው። ነገር ግን ያንን ትልቅ ባትሪ ከመስመሩ ጋር የሚያገናኘውን መዝጊያ፣ ኮምፒውተሩን፣ የበሩን ቁልፍ የሚያንቀሳቅሰው ጥግ ላይ የተቀመጠ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ ነው። እሱ ከራበው ትልቁ ሙሉ ሆኖ ይተኛል፤ የሚቀሰቅሰው የለም። ድብቁን የእጅ ቁልፍ ፈልጎ በሩን እንዲከፍት፣ ከዚያ ባለ 12 ቮልት መኪና ያለው ጎረቤት እንዲለምን ነገርኩት። ጎረቤቱ ሁሉ ለሥራ ወጥቷል። ግቢው ውስጥ የቀረው አንድ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ነው፤ ሹፌሩ ውስጡ ተኝቷል።

በስልክ መራሁት። «መጀመሪያ ቀዩን ከቀዩ። ጥቁሩን የላዳው ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ። የቀረውን የጥቁር ጫፍ ያንተ ባትሪ ላይ አታድርገው፤ ጋዝ ካለ ብልጭታው አደጋ ነው። ራቅ ያለ፣ ቀለም ያልነካው ብረት ፈልግ።» የላዳው ሞተር ሲያጓራ ይሰማኛል። ትንሽ ቆይቶ የእህቴ ልጅ ጮኸ፤ ስክሪኑ በርቷል፣ መኪናው ሰላምታ እየሰጠው ነው።

የላዳው ሹፌር ገመዱን እየጠቀለለ ሲናገር በስልኩ ሰማሁት፦

«ይቅርታ ወንድሜ፣ እኔን ከመቀስቀስህ በፊት በግፊ ሞክረኸዋል?»